በኮምፒዩተር የተሣለችው መኪና የጌዴኦን ዳገት ትወጣለችን?

የዛሬ ወጣት ሥዕል ለመሣል የግድ ቡርሽና ሸራ አያስፈልገውም። ኮምፒዩተርና ትዕግሥት ካለው ይበቃዋል። ብሌንደር የተባለው የሥዕል ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2002 አሠራሩ ሳይቀር ለሕዝብ ክፍት ከሆነ ወዲህ፣ ቅርጽን በሁሉም አቅጣጫ አዙሮ የሚያሳይ ሥዕል መሥራት ገንዘብ ላለው ብቻ የተተወ ሙያ መሆኑ ቀርቷል። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ደግሞ በጥቂት ቃላት ታዝዞ ሥዕል የሚያወጣ መሣሪያ መጥቷል። ስለዚህ መኪና የሚወድ ተማሪ የራሱን መኪና ቢሥል የሚያስደስት እንጂ የሚያስገርም አይደለም። እኛ ዛሬ ለማንሣት የምንወደው ግን ሥዕሉ ካለቀ በኋላ ስለሚሰጠው ትችት ነው።

በአገራችን እንዲህ ያለ ሥዕል ሲቀርብ ሁለት ዓይነት ተመልካች ይነሣል። አንደኛው ሳይመረምር ያጨበጭባል፤ ሁለተኛው ሳይመረምር ይስቃል። ሁለቱም ሠዓሊውን አልረዱትም። የሚረዳው ሥዕሉን እንደ መኪና ቆጥሮ የሚጠይቀው ሰው ነው።

እንግዲህ፣ በዲላ ከተማ የሚኖርና ሙያውን በራሱ ጥረት የቀሰመ አንድ ወጣት የሣላት መኪና ከፊታችን ቀርባለች እንበል። እንዲህ ያሉ ሥዕሎች እጅግ ስለሚመሳሰሉ መልኳን መገመት አያዳግትም። ከመሬት ጋር የተጣበቀች፣ መስኮቷ የጠበበ፣ ቸርኬዋ የገዘፈ፣ በማናውቀው ከተማ ረጃጅም ፎቆች መካከል በሌሊት መብራት የምታብረቀርቅ መኪና ናት።

በመጀመሪያ የሚመሰገነውን እናመስግን። ብርሃኑ በብረቱ ላይ እንዴት እንደሚንሸራተት ማሳየት ቀላል ሥራ አይደለም፤ ብዙ ሌሊት ሳይተኙ የሚገኝ ችሎታ ነው። ነገር ግን ጠጋ ብለን ስናይ ጎማው ፓራፋንጎውን ሞልቶታል። መሪ ቢዞር ጎማው የሚታጠፍበት፣ ጉድጓድ ቢገጥመው ደግሞ ወደ ላይ የሚነሣበት ቦታ የለም። በሩ የሚከፈትበት መሥመር አልተሣለም። የዝናብ መጥረጊያም የላትም። ሾፌሩ የት ይቀመጣል ብለን ብንጠይቅ፣ ጣሪያው እጅግ ዝቅ ስላለ ለራሱ የሚሆን ስፍራ አናገኝለትም። አባቶቻችን «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ያሉት ለእንዲህ ያለው ነገር ጭምር ነው።

ሠዓሊው ምናልባት «ይህ እኮ ሕልም ነው፤ ለነገ የታሰበ ነው» ይለን ይሆናል። መልካም ነው፤ ዓለምም በዚህ መንገድ ሄዷል። የጄኔራል ሞተርስ ኩባንያ ሠዓሊ ሃርሊ ኧርል እ.ኤ.አ. በ1938 የሠራት ቢዊክ ዋይ-ጆብ፣ ለገበያ ሳይሆን አሳብን ለመሞከር ከተሠሩት መኪናዎች የመጀመሪያዋ ትባላለች። ይሁን እንጂ ኧርል ራሱ ይነዳት ነበር። ከሁሉ ይልቅ እብደት የሚመስለው የጣሊያኑ ቤርቶኔ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1970 ያቀረበው ላንቺያ ስትራቶስ ዜሮ ነው። ቁመቱ ከመሬት 84 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነበር፤ ሰውም የሚገባው የፊት መስተዋቱን ከፍቶ ነበር። ቢሆንም መግቢያ ነበረው፤ ሞተር ነበረው፤ መንገድም ላይ ተነድቷል። ስለዚህ ሕልም ነው ማለት ከጥያቄ አያድንም።

አሁን ወደ ጌዴኦ እንመለስ። ዞኑ በስምጥ ሸለቆው ምሥራቃዊ ጠርዝ ላይ ያረፈ፣ ዳገትና ቁልቁለት የበዛበት አገር ነው። ገበሬው እንሰቱን፣ ቡናውንና ዛፉን በአንድ ማሳ አዋሕዶ ተዳፋቱን ሳያራቁት ስለኖረ፣ ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2023 የጌዴኦን መልክዐ ምድር በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። ከአዲስ አበባ ወደ ሞያሌ የሚወስደው አስፋልት ዲላን፣ ወናጎንና ይርጋ ጨፌን አቋርጦ ያልፋል። ከአስፋልቱ ወጥቶ ወደ ቀበሌዎቹ የታጠፈ ሰው ግን ዝናብ ሲጥል ከጭቃ ጋር ይታገላል። ያችን መኪና ከፎቆቹ መካከል አውጥተን በዚህ መንገድ ላይ ብናቆማት፣ ሆዷ ከመሬት ሳይላቀቅ በመጀመሪያው ጉድጓድ ትቀራለች።

በዚህ አገር የሚጫነውስ ምንድን ነው? እሸት ቡና በተለቀመበት ዕለት መፈልፈያው ዘንድ መድረስ አለበት፤ ያደረ እንደሆነ ጣዕሙ ይበላሻል። ቆጮና ቡላ ገበያ ይወጣሉ። የታመመ ሰው ወደ ሐኪም ቤት ይወሰዳል። መኪና የሚሥል የዲላ ልጅ ከሁሉ አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው ጥያቄ ይኸው ነው።

ሲትሮኤን የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ ያደረገውም ይህንኑ ነበር። የኩባንያው መሪ ፒየር ዡል ቡላንዤ ለመሐንዲሶቹ ስለ መልክ አልነገራቸውም። ሁለት ገበሬና 50 ኪሎ ድንች ትጫን፤ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ትሂድ፤ በታረሰ መሬት ላይ ስታልፍም ቅርጫት ውስጥ ያለው እንቁላል አይሰበር አላቸው። በዚህ ትእዛዝ የተወለደችው ደ ሼቮ እ.ኤ.አ. በ1948 በፓሪስ ስትቀርብ መልኳን ያሾፉበት ብዙዎች ነበሩ። ሆኖም እስከ 1990 ድረስ ስትሠራ ኖረች። በእኛ አገር በድንች ፈንታ እሸት ቡና፣ በታረሰ መሬትም ፈንታ የገደብንና የኮቸሬን መንገድ መተካት ይቻላል።

ጊዜውም ምቹ ነው። በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና ነገር የሁላችንም ጉዳይ ሆኗል። አንድ ቶን የሚመዝን መኪና አንድ ሺህ ሜትር ያህል ቁልቁል ሲወርድ 2.7 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ኃይል ይለቃል። በነዳጅ መኪና ይህ ኃይል የፍሬን ሸራ እያጋለ ይጠፋል፤ የኤሌክትሪክ ሞተር ግን እንደ ጀኔሬተር እየሠራ ከፊሉን ወደ ባትሪው ሊመልስ ይችላል። ከቡሌ ደጋ ሸክም ይዞ ወደ ዲላ ለሚወርድ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። እንዲህ ያለው አሳብ የሥዕሉ መነሻ ቢሆን፣ ሥዕሉ ከሌላው ዓለም ሥዕል ተለይቶ በታወቀ ነበር።

ይህን የምንለው ከአቅም በላይ ለመጠየቅ አይደለም። በኡጋንዳ የማኬሬሬ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2011 ኪይራ የተባለች ባለ ሁለት መቀመጫ የኤሌክትሪክ መኪና ሠርተው አሳዩ። ሥራው አድጎ እ.ኤ.አ. በ2016 በፀሐይ ኃይል የሚታገዝ አውቶቡስ ቀረበ፤ ብዙ ሰው የሚያስፈልገው አውቶቡስ ነውና። በአገራችንም ቢሆን የብረት ሠራተኞቻችን በጭነት መኪና ሻንሲ ላይ የአውቶቡስ አካል እየቀጠቀጡ መንገደኛ ሲያጓጉዙ ኖረዋል፤ ሕዝቡም «ቅጥቅጥ» ብሎ ሰይሞታል። ያ ሥራ በመጽሔት ባይታተምም ከነጉድለቱ መኪና ነው።

ስለዚህ ለወጣቱ ሠዓሊ የምንመክረው፣ ኮምፒዩተሩን ከመክፈቱ በፊት ሜትር ይዞ ወደ ዲላ መናኸሪያ እንዲወርድ ነው። የቡና ጆንያ ስፋቱ ስንት ነው? የባጃጅ መቀመጫስ? ጭነት የያዘ አይሱዙ ሲጎብጥ ባሌስትራው ምን ያህል ይወርዳል? ይህን በደብተሩ መዝግቦ ይመለስ። በዲላም ሆነ በሌላ ስፍራ በመምህርነትና በሹመት ወንበር ላይ የምንቀመጥ ወጣቶች ደግሞ፣ የሚቀጥለው ሥዕል ሲቀርብልን ከማጨብጨብና ከመሳቅ በፊት «ይህች መኪና ምን ትጭናለች? በየት በኩልስ ታልፋለች?» ብለን እንጠይቀው። መልሱን ሲያጣ ደብተሩን ከፍቶ እንዲሠራ እናግዘው፤ ሲያገኘው ደግሞ ብረት የሚቀጠቅጠውን ባለሙያ እናስተዋውቀው።