ኑግንና መጭን በመልካቸው ለይቶ ማወቅ

በመስከረም መጨረሻና በጥቅምት ከጊንጪ ወደ አምቦና ጉደር የሚጓዝ ሰው ማሳውንም የመንገዱንም ዳር ቢጫ ሆኖ ያገኘዋል። ይህ ሁሉ ቢጫ ግን ኑግ አይደለም። አደይ አበባ ቅጠሉ አብዛኛውን ጊዜ የተሰነጣጠቀ ስለሆነ እምብዛም አያሳስትም። የሚያሳስተው በአካባቢው ገበሬ ዘንድ ቱፎ የሚባለው መጭ ነው።

መጭ የኑግ የቅርብ ዘመድ ነው። ዴንማርካዊቷ የእጽዋት ተመራማሪ ባጎ በ1974 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ጥናት የኑግን ወገን በስድስት ዝርያዎች ከፍላ አሳይታለች። ለዘር በተያዘ ማሳ ዝምድናው ጉዳት አለው። ኑግ በአብዛኛው በራሱ የአበባ ብናኝ ፍሬ ስለማይዝ ንቦች ከሌላ ተክል ያመጡለታል፤ መጭ አጠገቡ ካበበ ዘሩ ሊዳቀል ይችላል። ይህ ከተፈጸመ በኋላ በወንፊት ማበጠር መድኃኒት አይሆንም።

ታዲያ በምን እንለያቸዋለን? ቁመትና የአበባ ቀለም አይታመኑም። በቅድሚያ ቅጠሉን በጣት ማሸት ነው፤ የመጭ ቅጠል እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይሻክራል፣ የኑግ ግን ለስለስ ይላል። በዚህ ብቻ መወሰን አይገባም። አበባው ሲፈነዳ ገልብጦ ከሥሩ ያሉትን አምስት አረንጓዴ ቅጠሎች መመልከት ያስፈልጋል። የኑግ ሰፋፊና የእንቁላል ቅርጽ ያላቸው ሲሆኑ የመጭ ጠበብ ያሉ ናቸው። እኛ ከሁሉ አብልጠን የምናምነው ይህን ምልክት ነው። የኑግ ፍሬ ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ሲረዝም የመጭ 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ልብስ ላይ የሚጣበቅ እሾህ ያለው ፍሬ ከተገኘ ደግሞ ጨጎጊት እንጂ ከሁለቱ አንዱም አይደለም።

ስለዚህ የልማት ሠራተኛው ከማኅበሩ አባላት ጋር የዘር ማሳውን ሁለት ጊዜ ይዙር፤ አንደኛው ከማበቡ በፊት ቅጠል እየዳሰሱ ለመንቀል፣ ሁለተኛው የመጀመሪያዎቹ አበቦች እንደ ፈነዱ ያመለጠውን ለማውጣት ነው። የማሳውን ዳርቻም መርሳት አይገባም፤ በሣር መሬት የሚበቅለው ዓይነት ሥሩ ለዓመታት ስለሚቆይ ተቆፍሮ ካልወጣ ተመልሶ ያቆጠቁጣል። ከዘር ማሳ ርቆ ያለውን መጭ ግን ጨርሶ ማጥፋት አንመክርም፤ ንብ አርቢዎች እንደሚያውቁት ጥሩ የንብ ቀለብ ነው።