የሥራ ልብስ ላይ የሚቀር ላብ

የምኖርበት ሕንጻ ምድር ቤት ላውንደሪ አለ። ቅዳሜ ማታ ከመጋዘንና ከአረጋውያን መጦሪያ ሥራ የተመለሱ የሀገሬ ልጆች ሳሙናውን ሳይሰስቱ ሲያፈሱት አያለሁ። ዩኒፎርሙ ከማሽን ሲወጣ አበባ አበባ ይሸታል፤ ሰኞ ብብት ሲሞቅ ያው ላብ ይመለሳል። የሥራ ባልደረባ ደግሞ አፍ አውጥቶ አይነግርህም፣ ወንበሩን ነው የሚያርቀው። አንዳንዱም "የምግባቸው ነው" ብሎ ያማናል፤ እኔን የሚያናድደኝ ይሄ ነው።

ነገሩ ያለው ጨርቁ ላይ ነው። ላብ ብቻውን ብዙም አይሸትም፤ ባክቴሪያ ሲበላው ነው የሚሸተው። ፖሊስተር የሰውነት ቅባት ከያዘ ቶሎ አይለቅም፣ የተረፈ ሳሙናና ሶፍትነር ደግሞ በላዩ ይለጠፋሉ። ሶፍትነሩን ለሥራና ለስፖርት ልብስ ጨርሶ ብትተዉት እመርጣለሁ።

ልብሱን ገልብጡና አንድ እጅ ነጭ አቼቶ በአራት እጅ ቀዝቃዛ ውሃ በጥብጣችሁ 30 ደቂቃ ዘፍዝፉት። (በረኪና አጠገቡ እንዳይደርስ! ሁለቱ ሲገናኙ የሚወጣው የክሎሪን ጋዝ ሳንባ ይጎዳል።) ከዚያ ኢንዛይም ባለው ሳሙና፣ በልኩ፣ እጠቡት። እርጥብ እንዳለ ብብቱ ጋ አሽትቱት። ሽታው ካለ ድራየር ውስጥ አታስገቡት፣ ሙቀቱ ያጸናዋል፤ እንደገና ዘፍዝፉት።