ዝናብ ሲቀር ማን ይጠየቃል?

ከደሴ ወደ ወልድያ የሚወስደው አስፋልት መርሳን እንዳለፈ ሲሪንቃ ይደርሳል። በዚህ በሀብሩ ወረዳ የአየር ጠባይ አልተለወጠም ብሎ የሚከራከር ገበሬ ማግኘት ይቸግራል። በልጉ እንደ ድሮው እንደማይመጣ፣ ክረምቱም ዘግይቶ ገብቶ ቀድሞ እንደሚወጣ ሽማግሌውም ወጣቱም ይናገራል። ጭቅጭቁ ያለው ለምን የሚለው ላይ ነው። አንዱ የኃጢአታችን ቅጣት ነው ይላል፤ ሌላው የሀብታም አገር ፋብሪካ ጭስ ያመጣብን ጣጣ ነው ይላል፤ ሦስተኛው ደግሞ ጥፋቱን ሁሉ በመንግሥት ላይ ይከምራል። ከተማ ተቀምጦ ይህን የሚሰማ ሰው ነገሩን የሃይማኖትና የሳይንስ ጠብ አድርጎ ይወስደዋል። የወሎ ታሪክ ግን ሌላ ነገር ያሳያል። ዝናብ ለምን ቀረ የሚለውና ሰው ለምን ተራበ የሚለው ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው፤ ሁለቱን ባንድ አጠቃሎ የሚመልስ ሁሉ፣ ቄስም ይሁን ሼህ ወይም የአየር ንብረት ባለሙያ፣ ሳያስበው የሚገላግለው ተጠያቂውን ባለሥልጣን ነው።

የ1965 እና የ1966ቱን ረሀብ እንይ። ዝናቡ መቅረቱን ማንም አይክድም። ሆኖም ኢኮኖሚስቱ አማርትያ ሴን ስለ ድህነትና ረሀብ በጻፈውና እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው መጽሐፍ የዘመኑን አኃዝ ሲመረምር፣ የአገሪቱ ጠቅላላ የምግብ ምርት የቀነሰው በመጠኑ ብቻ ሆኖ አገኘው። በደሴ ገበያም የእህል ዋጋ እንደሚጠበቀው አልናረም። እንዲያውም ከወሎ ወደ ሌላ ቦታ የሚጫን እህል ነበር። ማሳው የደረቀበትና ከብቱ ያለቀበት ገበሬ ያጣው በገበያ ያለውን እህል የሚገዛበትን አቅም ነው። የተራበውም ሕዝብ የወጣው ወደዚሁ የደሴና የወልድያ ዋና መንገድ ነበር፤ አውቶቡስና መኪና እያስቆመ ምግብ ይለምን ነበር። በዚያ መንገድ ነጋዴውም ሹሙም ይመላለስ ስለነበር አላየንም፣ አልሰማንም ማለት አይቻልም። የንጉሡ መንግሥት ግን ወሬውን ማፈን መረጠ። ዓለም ነገሩን በሰፊው የሰማው እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ በጥቅምት 1966 ባሳየው ፊልም ነው። ያንኑ ፊልም ደርግ ከቤተ መንግሥት ድግስ ምስል ጋር አቀናጅቶ ንጉሡ ከዙፋን በወረዱበት ዋዜማ ለሕዝብ በቴሌቪዥን አሳየው።

እንዲህ ያለ ፊልም ያሳየ መንግሥት ትምህርት ወስዷል ተብሎ ይገመት ነበር። በመጋቢት 1976 የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ለጋሾችን ጠርቶ እልቂት እየመጣ መሆኑን አስጠነቀቀ። በመስከረም 1977 ግን አዲስ አበባ የአብዮቱን 10ኛ ዓመትና የኢትዮጵያ ሠራተኞች ፓርቲን (ኢሠፓ) ምሥረታ በታላቅ ድግስ ታከብር ነበር፤ በሰሜን ደግሞ ጦርነቱ ቀጥሎ ነበር። ኮረም ላይ የወደቀውን ሕዝብ ቢቢሲ በጥቅምት አሳየና ዓለም ደነገጠ። ከ30 ዓመት በኋላ፣ በ2007 እና በ2008፣ ኤልኒኖ የበረታበት ከባድ ድርቅ መጣ፤ በአገሪቱ 10.2 ሚሊዮን ሰው አስቸኳይ እርዳታ አስፈልጎት ነበር። እንደ ሰባ ሰባቱ ያለ እልቂት ግን አልደረሰም። ሰማዩ ስለራራ አይደለም። በ1997 የተጀመረው ሴፍቲኔት የሚባለው የምግብ ዋስትና ፕሮግራም ነበር፣ እህል የሚያደርስ መንገድ ነበር፣ መንግሥትም ከራሱ ካዝና ገንዘብ አወጣ፤ ከሁሉም በላይ በዚያን ጊዜ ወሎ ውስጥ ጦርነት አልነበረም።

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ይነሣል፦ ድርቅን የፈጣሪ ቁጣ ነው ብሎ የሚያምን ሕዝብ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል፣ መንግሥትንም አይጠይቅም የሚል። ተቃውሞው ከባድ ይመስላል፤ የገበሬውን ሥራ ላየ ሰው ግን አይጸናም። ዝናብ ሲዘገይ ክርስቲያኑ ምሕላ ይይዛል፣ እግዚኦ ይላል። ሙስሊሙ ሜዳ ወጥቶ የዝናብ ሶላት ይሰግዳል፤ ኢማሙም ሁኔታው እንዲለወጥ እየተማጸነ ልብሱን ይገለብጣል። ሁለቱም ከጸሎቱ ሲመለሱ ግን የሚገቡት ወደ ማሳቸው ነው። ጸሎቱ ዝናቡን ማን እንደሚልክ ይናገራል እንጂ ዘንድሮ ምን እንደሚዘራ አይወስንም። ሁለቱም የሚያውቁት የዮሴፍ ታሪክ አለ፤ በኦሪትም በቁርኣንም ይገኛል። ሕልሙ ከፈጣሪ ነው፤ በሰባቱ የጥጋብ ዓመታት እህል የማከማቸቱ ሥራ ግን የመንግሥት ነበር። ፈርዖን ቁጣው ከሰማይ ነው ብሎ ጎተራውን ባዶ ቢተወው ኖሮ ታሪኩ የሚነገር አይሆንም ነበር። ከዚህ በላይ ደግሞ በሰሜኑ ደጋ ጥንታዊው ጽድና ወይራ በብዛት የተረፈው በቤተ ክርስቲያን ቅጽር ውስጥ ነው፤ መጥረቢያውን ያገደው እምነት ነው።

የገበሬውን ውሳኔ ጠጋ ብሎ ማየት ይበጃል። በዚህ አካባቢ የሚወደዱት ደጋሊትና ጅጉርቴ የሚባሉት የአገር ማሽላዎች በሚያዝያ ገደማ በበልግ ዝናብ ተዘርተው እስከ ኅዳር መሬት ላይ ይቆያሉ። በልጉ ሲቀር ገበሬው በአብዛኛው ሁለት መንገድ ይቀረዋል፦ ወይ ቶሎ የሚደርስ ማሽላ ይዘራል፣ ወይ ክረምቱን ጠብቆ ማሳውን ለጤፍ ያደርገዋል። የሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል ግራና 1ን የመሳሰሉ ቶሎ የሚደርሱ ዝርያዎችን ያወጣው ለዚሁ ነው። አቀንጭራ የተባለውን አረም የሚቋቋሙት ጎብዬና አብሽርም፣ እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ያገኙት ፕሮፌሰር ገቢሳ እጄታ ከደከሙበት ማሽላ የመጡ ናቸው። ይህ ሁሉ ሆኖ ገበሬው አዲሱን ዘር ሲያንገራግር ሰነፍ ወይም ኋላ ቀር ነው የሚሉ አሉ። የደጋሊት አገዳ ግን የከብት መኖ ነው፣ ማገዶ ነው፣ የቤትና የአጥር ሥራ ነው። አጭሩ ማሽላ አገዳው ጥቂት ነው፤ ከሌላው ቀድሞ ስለሚደርስም ወፍ ይረባረብበታል። ገበሬው ምክንያቱን አስልቶ ነው የሚያንገራግረው።

ከሌላ ወገን ደግሞ ወሎ ድሮም ይደርቅ ነበር፣ ክፉ ቀን የሚባለው የድሮው ረሀብም የመጣው ፋብሪካ ሳይበዛ ነው የሚል አለ። እውነት ነው፤ እያንዳንዱን ድርቅ በአየር ንብረት ለውጥ ማላከክ ትክክል አይደለም። የአገሪቱ ሙቀት ከ1950ዎቹ ወዲህ ከ1 ዲግሪ በላይ መጨመሩ በመለኪያ የታወቀ ነው። በዝናቡ ላይ ግን ሳይንቲስቶች ራሳቸው ይለያያሉ፤ የምሥራቅ አፍሪካ የመጋቢትና የሚያዝያ ዝናብ እየቀነሰ ሲታይ፣ የወደፊቱን የሚያሰሉት የኮምፒዩተር ሞዴሎች በብዛት የሚተነብዩት ጭማሪ ነው። ይህ ልዩነት ግን ለዝግጅት የበለጠ ምክንያት ይሆናል እንጂ ለመዘናጋት ሰበብ አይሆንም፤ መቼ እንደሚዘንብ ባልታወቀ ቁጥር የሚያስፈልገው የዘር ዓይነት ይበዛልና። ጭሱን ያጨሱት ሌሎች ናቸው የሚለውም ክርክር ትክክል ነው። የኢትዮጵያ ድርሻ ከዓለም ልቀት 1 በመቶ እንኳ አይሞላም፤ እ.ኤ.አ. በ2009 ኮፐንሃገን ላይ መለስ ዜናዊ አፍሪካን ወክለው ካሳ የጠየቁት በዚሁ ምክንያት ነው። ካሳው ይጠየቅ፤ እኔም እደግፋለሁ። ነገር ግን በድሮ ጊዜ የፈጣሪ ቁጣ የሚለው ቃል ለሹም ይሰጠው የነበረውን ሽፋን፣ ዛሬ የአየር ንብረት ለውጥ የሚለው ቃል በሪፖርት ላይ ሲሰጠው አያለሁ፤ ሁለቱም ጥፋቱን ከወረዳው አርቀው ይወስዱታል።

የዛፍ ተከላው ዘመቻም ከዚህ የተጠያቂነት ጥያቄ አያመልጥም። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉ ሲነገር ብዙ ሰው ተደሰተ፣ ብዙ ሰውም ተጠራጠረ። ቁጥሩ ላይ መጨቃጨቁ ብዙም አይጠቅም። ስንቱ ጸደቀ ብሎ ቀበሌ በቀበሌ መጠየቅ ይሻላል፤ እርከኑና የተፋሰሱ ሥራ ከዘመቻው በኋላ ማን ይጠግነዋል የሚለውም እንዲሁ። የሲሪንቃው ማዕከል ራሱ በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ከተዘረፉት የአካባቢው ተቋማት አንዱ ነው፤ ይህን ያደረገ ሙቀትም ኤልኒኖም የለም። እንግዲህ የሀብሩ ገበሬ በመጋቢት ወደ ወረዳው ጽሕፈት ቤት ሲሄድ ሊጠይቅ የሚገባው፣ በልጉ ቢቀር ቶሎ የሚደርሰው ዘር መጋዘን ውስጥ ስንት ኩንታል አለ፣ ዋጋውስ ስንት ነው፣ የሚቲዎሮሎጂው ትንበያ ለቆላውና ለደጋው ተለይቶ ቀበሌ የሚደርሰው ከመዝሪያው በፊት ነው ወይስ በኋላ የሚለውን ነው።