ነገራ፦ በጎጃም ቅኔ ቤት በየቀኑ የሚያዝ ቀጠሮ

ወደ ጸሐፊዎች ጉባኤ የሚሄድ ጀማሪ ሁለት ነገር ፈልጎ ይሄዳል። አንዱ ዐውደ ጥናት ነው፤ የጻፈውን ይዞ ከእኩዮቹ ጋር ይቀመጣል፣ ያነባል፣ ይተቻል፣ ይተቹታል። ሌላው የግል ቀጠሮ ነው፤ ከአንጋፋ ደራሲ ወይም ከአሳታሚ ፊት ለጥቂት ደቂቃ ቀርቦ ረቂቁን ያስፈትሻል። ለዚህ ብሎ ገንዘብ የሚከፍልና ባሕር የሚሻገር ብዙ ነው። በጎጃም ደጋ ግን ሁለቱም ከጥንት ጀምሮ ያለ ክፍያ፣ በየቀኑ ሲካሄዱ ኖረዋል፤ ቦታውም ቅኔ ቤት ነው።

የጥንቷ መንቆረር፣ የዛሬዋ ደብረ ማርቆስ፣ በእነዚህ ቤቶች የተከበበች ከተማ ናት። ደብረ ኤልያስ፣ ዲማ ጊዮርጊስ፣ ደብረ ወርቅ፣ መርጡለ ማርያም ስማቸው ከሊቃውንት ስም ተለይቶ አይጠራም። ዋሸራና ጎንጅ ደግሞ ከቦታ ስምነት አልፈው የቅኔ መንገድ መጠሪያ ሆነዋል፤ ከወሎው ዋድላ ጋር ሦስቱ የየራሳቸው የሰዋስው አስተማማርና የቅኔ ጣዕም አላቸው። ቅኔ የፈለገ ተማሪ ከጎንደርም፣ ከትግራይም፣ ከሸዋም ተነሥቶ ዓባይን ወይም ተከዜን ተሻግሮ ወደዚህ ሲመጣ የኖረው ለዚህ ነው።

ተማሪው የሚገባው ንባብ ለይቶ፣ ዳዊት ደግሞ ነው። ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ በእንተ ስማ ለማርያም እያለ ከመንደሩ የዕለት ጉርሱን ይለምናል፤ ማደሪያው ራሱ ወይም ከእሱ በፊት የነበሩት የቀለሷት ጎጆ ናት። የሚቀኘው በግዕዝ ነው፤ አፉን በፈታበት ቋንቋ አይደለም። ስለዚህ ግሱን፣ እርባ ቅምሩን፣ አገባቡን እያጠና በዚያው በሚያጠናው ቋንቋ አዲስ ነገር መፍጠር ይጠበቅበታል። ሰዋስው ጨርሶ እስኪያውቅ ድረስ ድርሰት አይከለከልም፤ ሁለቱ አብረው ይሄዳሉ። ይህ በጣም የማደንቀው ብልሃታቸው ነው።

ቀኑ የሚያልፈው በቆጠራ ነው። ቅኔ መቁጠር ማለት ለብቻ ሆኖ ማሰብና ማውጠንጠን ነው። ተማሪው ከዛፍ ሥር፣ ከገደል አፋፍ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ጥግ ይቀመጣል። ደበሎውን ተከናንቦ ከንፈሩን የሚያንቀሳቅስ ወጣት ያየ መንገደኛ ቅኔ እየቆጠረ መሆኑን ያውቃልና አያናግረውም። ወረቀትና ብርዕ አያስፈልጉትም፤ ቅኔው ተሠርቶ የሚያልቀው በአእምሮ ውስጥ ነው።

ከቆጠራ በኋላ ነገራ ይመጣል፤ የቅኔ ቤቱ ልብ ይህ ነው። ሰዓቱ እንደ መምህሩ ልማድ ይለያያል፣ ሥርዓቱ ግን አንድ ነው። ተማሪው የኔታ ፊት ይቀርብና የዕለቱን ቅኔ በቃሉ ይናገራል። ተማሪው ከበዛ ጀማሪዎቹ በመጀመሪያ ከአስነጋሪው ዘንድ ይደርሳሉ። አስነጋሪ ማለት በትምህርቱ የገፋ፣ የታናናሾቹን ቅኔ ሰምቶ እንዲያቃና መምህሩ የወከለው ተማሪ ነው። እሱ ራሱ ደግሞ የራሱን ቅኔ ለየኔታ ይነግራል፤ በአንድ ቀን ውስጥ ሃያሲም ተሃያሲም ይሆናል። ዛሬ የአርትዖት ሙያን የት ይማሩታል ተብሎ ቢጠየቅ አስነጋሪነትን የሚያህል ትምህርት ቤት አላውቅም።

የኔታ በመጀመሪያ የሚሰሙት ልኩን ነው፤ የዜማው ልክ ጎደለ ወይስ ተረፈ፣ ቤቱ መታ ወይስ ሳተ። ቀጥሎ ሰዋስውን፣ በመጨረሻ ምሥጢሩን ይመረምራሉ። ከባዱ ይሄኛው ነው። አንድ ተማሪ ዘርን ሰም (የላይ ትርጉም)፣ የጌታን ሞትና ትንሣኤ ወርቅ (የተሰወረ ትርጉም) አድርጎ መጣ እንበል። ዘሩ መሬት ገባ፣ በቀለ፣ አፈራ፤ ነገሩ ያማረ ይመስላል። መምህሩ ግን ይጠይቃሉ፦ ዘሩን የዘራው ገበሬ በወርቁ በኩል ማን ነው? በሬውን ካነሣህ በሬው ምንን ይወክላል? ጎተራውስ? አንዲት ቃል በሰሙ በኩል ቆማ በወርቁ በኩል ወንበር ካጣች ቅኔው ይፈርሳል። አንዳንድ ጊዜ መምህሩ አንድ ቃል ብቻ ይለውጡና ሁሉም ነገር ይቆማል፤ አንዳንድ ጊዜ ተማሪው ተመልሶ እንዲቆጥር ይነገረዋል። የተቃናለትን ያን ጊዜውኑ መልሶ ይለዋል፣ ይይዘዋል። ዙሪያውን የተቀመጡትም ይሰማሉ። ቀጠሮው የአንድ ሰው ነው፣ እርማቱ ግን የጉባኤው ሁሉ ነው፤ የአንዱ ስሕተት ለሁሉ ትምህርት ሆኖ ይቀራል።

የሚነገረው ቅኔ እንደ ተማሪው ደረጃ ያድጋል። መነሻው ጉባኤ ቃና ነው፣ ሁለት ቤት ብቻ። ከዚያ ባለ ሦስት ቤቶቹ ዘአምላኪየና ሚበዝኁ፣ ከፍ ሲል ባለ ስድስቱ ሥላሴ፣ ከዚያም ባለ ስምንቱ መወድስ ይመጣሉ። በሁለት ቤት ውስጥ አንድ ሙሉ ሐሳብ ማኖር ያልቻለ ሰው ወደ ስምንት አይሻገርም። ረጅም ልቦለድ ለመጻፍ ከአጭሩ ሳይጀምሩ ለሚቸኩሉ ወጣቶች ይህ ደረጃ ቢታወቅ ደስ ይለኛል።

ሲመሽ ግስ ይወርዳል፣ አገባብ ይነገራል። ከዚያ የሚከተለውን በየትኛውም የጸሐፊዎች ጉባኤ መርሐ ግብር ውስጥ ማግኘት ይከብዳል፤ መምህሩ ራሳቸው ይዘርፋሉ። ቀድሞ ያልተባለ፣ የዚያኑ ዕለት አዲስ ቅኔ በተማሪዎቻቸው ፊት ይቀኛሉ፣ ምሥጢሩንም ይፈታሉ። ተማሪውን በየቀኑ አዲስ ነገር የሚጠይቁት እሳቸውም በየቀኑ አዲስ ነገር እየሰጡ ነው። የትላንት ዝና ዛሬ አያስከብርም። ተማሪውም የመምህሩን ስልት የሚይዘው እንዲህ እየሰማ ነው።

ሥራው ለሕዝብ የሚደርሰው በቤተ ክርስቲያን ነው። በማኅሌት ላይ ባለቅኔው ተነሥቶ ይቀኛል፤ ሊቃውንቱ ከወደዱት «ይበል!» ይላሉ፣ ካልወደዱት ዝምታቸው ይነግረዋል። አንድ ጊዜ የተባለ ቅኔ እንደ አዲስ ተመልሶ አይቀርብም። በሌላ በዓል ሌላ ያስፈልጋል። ማኅሌቱ የሙያ መገናኛም ነበር። መሪጌታ ወይም መምህር የሚፈልግ የደብር አለቃ በንግሥ ዕለት የሚሰማውን ሰው በጆሮው መዝኖ ይመርጣል፤ መኳንንት በተገኙበት የተሰማ ያማረ ቅኔም ባለቤቱን ለሹመትና ለሽልማት ያበቃ ነበር። ትምህርቱን ፈጽሞ ያስመሰከረ ተማሪ ደግሞ በተራው ወንበር ዘርግቶ ያስተምራል።

በዚህ መንገድ ላይ የእማሆይ ገላነሽ ሐዲስን ስም ማንሣት ግድ ነው። በልጅነታቸው ዓይናቸው የጠፋ፣ ከአባታቸው ከአለቃ ሐዲስ ቅኔ የተማሩ፣ በኋላም በዚያው በጎጃም ጽላሎ የአባታቸውን ወንበር ወርሰው ያስተማሩ ሴት ናቸው። የወንዶች ብቻ ሆኖ በኖረው ሙያ ብዙ ወንዶች ከእግራቸው ሥር ተቀምጠው ተምረዋል። የነገራን ጠባይ ያወቀ ሰው ይህ እንዴት እንደተቻለ ይረዳል፤ ሁሉ ነገር በጆሮና በአእምሮ በሚመዘንበት ቤት የሳቸው ጆሮ ከማንም ያላነሰ ነበር።

የዘመናዊው የአማርኛ ሥነ ጽሑፍም ከዚሁ ምንጭ ጠጥቷል። ባለ ተውኔቱና ባለቅኔው ዮፍታሔ ንጉሤ የደብረ ኤልያስ ልጅ ነው። በ1902 ዓ.ም. በደብረ ማርቆስ አካባቢ የተወለዱት ሐዲስ ዓለማየሁም በጎጃም የቅኔ ቤቶች ተምረዋል፤ በ1958 ዓ.ም. የታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» ዋና ባለታሪኩን በዛብህን ያንኑ የተማሪ ሕይወት ያኖረዋል። የአቸፈሩ አቤ ጉበኛ ደግሞ ሁለቱንም ዓለም አይቷል። በቤተ ክህነት ትምህርት አድጎ፣ በ1955 ዓ.ም. «አልወለድም»ን አሳትሞ፣ በኋላ በ1966 ዓ.ም. በአሜሪካው አዮዋ ዩኒቨርሲቲ ዓለም አቀፍ የጸሐፊዎች መርሐ ግብር ተሳትፏል። አዮዋ እ.ኤ.አ. በ1936 የጀመረው የድርሰት ዐውደ ጥናት በዓለም የታወቀ ነው። አቤ ከዚያ ሲደርስ ሥራን በሰው ፊት ማስፈተሽ ለአገሩ ልጆች እንግዳ ነገር አልነበረም።

የግል ቀጠሮ ምን ያህል ዕድል እንደሚከፍት ለማየት ካምፓላን ማስታወስ ይበቃል። በሰኔ 1954 ዓ.ም. በማከሬሬ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በእንግሊዝኛ የሚጽፉ አፍሪካውያን ደራስያን ሲሰበሰቡ ያኔ ተማሪ የነበረው ኬንያዊው ንጉጊ ዋ ቲዮንጎ ረቂቁን ለናይጄሪያዊው ደራሲ ለቺኑዋ አቼቤ አሳየው፤ አቼቤም ለአሳታሚው አደረሰለት፤ የንጉጊ የመጀመሪያ ልቦለድ እ.ኤ.አ. በ1964 ታተመ። ያ ጉባኤ በአፍሪካ ቋንቋ ለሚጽፍ ሰው ወንበር አልነበረውም። በግዕዝና በአማርኛ የሚሠሩት የጎጃም ሊቃውንት በዚያው ዓመት በየቤታቸው ነገራ እያስነገሩ ነበር።

ዛሬ በከተሞቻችን የግጥም ምሽት አለ፣ የመጽሐፍ ምረቃ አለ፤ እሰየው ነው። በአብዛኞቹ መድረኮች ግን ጭብጨባ እንጂ እርማት አይሰማም። ወጣቱ ገጣሚ አንብቦ ይወርዳል፣ የትኛዋ ቃል ወንበር እንዳጣች የሚነግረው የለም። የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ፣ የየከተማው የሥነ ጽሑፍ ክበባት፣ የደራስያን ማኅበርም ነገራን ለአማርኛ ግጥምና ለአጭር ልቦለድ ቢያውሉት ወጪ የለውም፦ አንድ አንጋፋ፣ ጥቂት ጀማሪዎች፣ አስነጋሪ የሚሆን አንድ ታታሪ ልጅ፣ በየሳምንቱ ደግሞ አዲስ ሥራ። አንጋፋውም የራሱን አዲስ ሥራ ይዞ መምጣት አለበት፤ ይህች ከቀረች የቀረው ሁሉ ተራ ስብሰባ ይሆናል።

ቅኔውን በቦታው መስማት የሚፈልግ ሰው ሚያዝያ 30 በማርቆስ በዓል ደብረ ማርቆስ ይገኝ። ማኅሌቱ የሚቆመው በሌሊት ስለሆነ ቀደም ብሎ ይግባ፤ ግዕዝ የማይሰማ ከሆነ ደግሞ ምሥጢሩን የሚፈታለት አንድ የቅኔ ተማሪ ከአጠገቡ ያስቀምጥ።