ቱቦው ከወጣ በኋላ፦ በጽኑ ሕሙማን ክፍል የመዋጥ ችግርን አስቀድሞ ስለመተንበይ



ዛሬ የምናገረው ጤነኛ ሰው በየቀኑ ብዙ መቶ ጊዜ ሳያስበው ስለሚፈጽመው ተግባር፣ ስለ መዋጥ ነው። ጥያቄዬ አንድ ነው፦ በሜካኒካል ቬንቲሌተር ሲረዳ የቆየ ሕመምተኛ ቱቦው ከአፉ ከወጣለት በኋላ ምግብና ውኃ በሰላም መዋጥ ይችል እንደሆነ አስቀድመን ልናውቅ እንችላለን ወይ? ጥያቄው ቴክኒካዊ ቢመስልም መልሱ የሚፈለገው አስታማሚ የአጥሚት ፔርሙዝ ይዞ በር ላይ በቆመበት ሰዓት ነው።

በመጀመሪያ ወደ ኋላ ልመለስ። እ.ኤ.አ. በ1952 በኮፐንሃገን ከተማ ከባድ የፖሊዮ ወረርሽኝ ተነሣ። በሽታው የብዙዎችን የመዋጥና የመተንፈስ ኃይል ስለ ነጠቃቸው የገዛ ምራቃቸው ወደ ሳንባቸው እየወረደ ያፍናቸው ነበር። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በመሣሪያ ከታገዙት 31 ሕሙማን 27ቱ ሞቱ። የማደንዘዣ ሐኪሙ ቢዮርን ኢብሰን አንገትን በስቶ ወደ አየር ቧንቧ ቱቦ በማስገባት አየር በእጅ እንዲገፋ አደረገ፤ ወደ 1,500 የሚጠጉ ተማሪዎችም ሌት ተቀን እየተፈራረቁ የአየር ከረጢቱን ጨመቁ። ሞት በእጅጉ ቀነሰ፤ የዛሬው ጽኑ ሕሙማን ክፍልም ከዚያ ተወለደ። እንግዲህ መዋጥ ያቃተውን ሰው ለማዳን የገባው ቱቦ፣ ዛሬ ከሌላ በሽታ የዳነውን ሰው መዋጥ ሲያሳጣው እናያለን።

ምክንያቱን ለመረዳት የጉሮሮን አሠራር እንመልከት። ጉሮሮ የምግብና የአየር መንገዶች የሚገናኙበት ስፍራ ነው። ስንውጥ ትንፋሽ ለቅጽበት ይቆማል፤ ማንቁርት ወደ ላይና ወደ ፊት ይነሣል፤ የድምፅ አውታሮች ይገጥማሉ፤ የማንቁርቱ ክዳን ይታጠፋል፤ የምግብ ቧንቧው አፍ ይከፈታል። ይህ ሁሉ የሚፈጀው አንድ ሰከንድ ገደማ ነው። ሥራውን የሚመራው የአንጎል ግንድ ሲሆን ብዙ ጡንቻዎችና አምስት ጥንድ የራስ ቅል ነርቮች ይሳተፉበታል።

ቱቦ ለቀናት በዚህ መንገድ ላይ ሲቀመጥ ጉዳቱ በስድስት በኩል ይመጣል። አንደኛ፣ ማንቁርትና የድምፅ አውታሮች ይቆስላሉ፣ ያብጣሉ። ሁለተኛ፣ ሥራ የፈቱ ጡንቻዎች ይሟሽሻሉ። ሦስተኛ፣ የጉሮሮ ስሜት ይደነዝዛል። አራተኛ፣ ከማደንዘዣና ከሕመሙ የተነሣ ንቃተ ኅሊና ይደበዝዛል። አምስተኛ፣ የጨጓራ ፈሳሽ ወደ ላይ ይመለሳል። ስድስተኛ፣ የትንፋሽና የመዋጥ ቅንጅት ይፈርሳል። ከእነዚህ ሁሉ አሳሳቹ የስሜት መደንዘዝ ነው። ጤነኛ ሰው ውኃ ወደ አየር ቧንቧው ቢገባ ትን ይለዋል፤ ያስላል። ጉሮሮው የደነዘዘ ሕመምተኛ ግን ሳይስል ውኃው ወደ ሳንባው ይወርዳል። ስለዚህ «አላሳለም፤ ደኅና ነው» የሚለው አነጋገር ማስረጃ አይሆንም። የሳንባ ምቹ የሚገለጠው ዘግይቶ ነው፤ ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚባለው እዚህ ላይ በትክክል ይሠራል።

ችግሩ ምን ያህል የተለመደ ነው? እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣ የጥናቶች ዳሰሳ ያገኘው ስፋት ከ3 እስከ 62 በመቶ ነው። እንዲህ ያለ ልዩነት የሚመጣው ማን ተመረመረ፣ በምን ተመረመረ፣ መቼ ተመረመረ በሚሉት ሦስት ነገሮች ነው። በስዊዘርላንድ በርን የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ሰፊ ጥናት ቱቦ ከወጣላቸው ሕሙማን 12.4 በመቶው፣ በድንገተኛ ከገቡት ደግሞ 18.3 በመቶው ችግሩ እንዳለባቸው አሳይቷል። ከእነዚህም ከግማሽ የሚበልጡት ከሆስፒታል እስኪወጡ ድረስ አልተሻላቸውም።

አሁን ወደ ትንበያው እንምጣ። ጥናቶች ደጋግመው ያገኟቸው ጠቋሚዎች የታወቁ ናቸው፦ ቱቦው የቆየበት ጊዜ፣ የዕድሜ መግፋት፣ የሕመሙ ክብደት፣ የአንጎልና የነርቭ በሽታ፣ የቱቦው ውፍረት፣ ቱቦው ከወጣ በኋላ ተመልሶ መግባቱ። የትንበያ ሞዴል እነዚህን በሎጂስቲክ ሪግረሽን ወይም በማሽን ለርኒንግ አዋሕዶ ለእያንዳንዱ ሕመምተኛ አንድ የዕድል መጠን የሚሰጥ ስሌት ነው። ሞዴሉ ሕመምን አይመረምርም፤ ማን በቅድሚያ መመርመር እንዳለበት ያመለክታል።

ልዩነቱን በምሳሌ ላሳያችሁ። በአልጋ ዳር ከሚደረጉት ፈተናዎች የታወቀው 90 ሚሊ ሊትር ውኃ ሳያቋርጡ መጠጣት ነው። ችግር ካለባቸው 100 ሰዎች 95ቱን የሚይዝ፣ ከጤነኞቹ ግን ግማሹን በስሕተት የሚጥል ፈተና አለን እንበል። ቱቦ ከወጣላቸው 100 ሕሙማን 20ው የመዋጥ ችግር ቢኖርባቸው ፈተናው 19ኙን ይይዛል፤ አንዱ ያመልጠዋል። ከ80ዎቹ ጤነኞችም 40ውን ይጥላል። ስለዚህ ከወደቁት 59 ሰዎች በእርግጥ የታመሙት 19 ብቻ ናቸው፤ ካለፉት 41 ደግሞ የታመመው አንድ ነው። ማለፍ ያጽናናል፤ መውደቅ ግን ፍርድ አይደለም። የወደቀውን ሁሉ ለሳምንት ምግብ ብንከለክለው ከሦስቱ ሁለቱን ያለ ምክንያት እናስርባለን።

በበለጸጉት አገሮች የወደቀውን ሰው ጉሮሮ በኢንዶስኮፕ ወይም በቪዲዮ ፍሎሮስኮፒ ያያሉ፤ የንግግርና ቋንቋ ሕክምና ባለሙያም አለ። በአገራችን እነዚህ ባለሙያዎች እጅግ ጥቂት ናቸው። ከነቀምት አዲስ አበባ 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከጊምቢና ከደምቢ ዶሎ ለሚመጣው ደግሞ መንገዱ ይበልጥ ይረዝማል። በመሆኑም ትንበያ በእኛ ዘንድ የበለጠ ዋጋ አለው፤ ያለችንን ጥቂት የባለሙያ ሰዓት ለማን እንደምንሰጥ ይነግረናልና።

ነገር ግን ሌላ አገር የተሠራ ሞዴል ወስደን እንዳለ ብንጠቀም እንሳሳታለን። አብዛኞቹ ሞዴሎች የተሠሩት በዕድሜ ከገፉ፣ የልብ ቀዶ ጥገና ካደረጉ ወይም ስትሮክ ከያዛቸው ሕሙማን መረጃ ነው። በእኛ ክፍሎች የሚተኛው ብዙ ጊዜ ወጣት ነው፦ የመኪና አደጋ የደረሰበት፣ ኤክላምፕሲያ የያዛት እናት፣ ቴታነስ ያለበት፣ በፀረ ተባይ ኬሚካል የተመረዘ። በኦርጋኖፎስፌት የተመረዘ የ22 ዓመት ገበሬ በሞዴሉ ዕድሜው ብቻ ታይቶ «ዝቅተኛ ሥጋት» ሊባል ይችላል። ይሁን እንጂ ይህ መርዝ ከአንድ እስከ አራት ቀን ባለው ጊዜ የአንገትንና በራስ ቅል ነርቮች የሚታዘዙትን ጡንቻዎች ሊያደክም ይችላል፤ እነዚህም የመዋጥ ጡንቻዎች ናቸው። ሞዴሉ ስለማያውቀው ነገር ሊያስጠነቅቀን አይችልም።

የድኅረ ምረቃ ተማሪዎቼ ብዙውን ጊዜ «እኛው የራሳችንን ሞዴል እንሥራ» ይሉኛል። ሐሳቡ መልካም ነው፤ የሕሙማኑ ቁጥር ግን ይወስነዋል። ከ60 ሕሙማን 12ቱ ብቻ ችግሩ ቢኖርባቸውና አሥር ጠቋሚዎች ብንጨምርበት፣ ስሌቱ የተማረው እነዚያን 12 ሰዎች እንጂ በሽታውን አይሆንም፤ በሚቀጥለው ዓመት ይከዳናል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይህ ይሁን፦ መጀመሪያ ነባሩን ሞዴል በእኛ ሕሙማን ላይ መፈተን፤ ቀጥሎ «30 በመቶ» ያላቸው ሰዎች በእርግጥ ከመቶ ሠላሳ ያህሉ ችግሩ እንደደረሰባቸው ማረጋገጥ፤ ከዚያ ማስተካከል፤ በመጨረሻም የወለጋ ሆስፒታሎች መረጃቸውን አጣምረው አዲስ መሥራት።

ለዚህ የሚያስፈልገው መነሻ አንድ ገጽ ቅጽ ነው፦ ቱቦው የገባበትና የወጣበት ቀንና ሰዓት፣ የቱቦው ቁጥር፣ የገባበት ምክንያት፣ የንቃት ደረጃ፣ የውኃው ፈተና ውጤት፣ በሳምንት ውስጥ የሳንባ ምች መታየት አለመታየቱ። የመጀመሪያዎቹ አብዛኞቹ በካርዱ ላይ መጻፍ የሚገባቸው ናቸው፤ የሚጎድለው በአንድ ዓይነት መንገድ ለሁሉም መሞላታቸው ነው።

ሞዴሉ እስኪደርስ ድረስ እጃችንን አጣጥፈን አንቀመጥም። ቱቦው ከ48 ሰዓት በላይ የቆየበትን ሁሉ ምግብ ከመስጠታችን በፊት እንፈትን። የማይነቃ፣ ቀጥ ብሎ መቀመጥ የማይችል፣ ምራቁን መዋጥ ያቃተው ወይም ድምፁ እንደ እርጥብ የሚሰማ ሰው ውኃ እንኳ አይሰጠው። የወደቀው በአፍንጫ ቱቦ እየተመገበ፣ አፉ እየጸዳ፣ በማግስቱ እንደገና ይፈተን። ለአስታማሚው ደግሞ በአፋን ኦሮሞ፣ በሚገባው ቃል፣ ምክንያቱ ይነገረው። ቀጭን ፈሳሽ ፈጥኖ ስለሚወርድ ለደከመ ጉሮሮ ከወፍራሙ ይልቅ ያስቸግራል፤ ከጨለለቂ ሰፈር ምግብ ቋጥራ የመጣች እናት ይህን ሳታውቅ ከውኃ ብትጀምር አይፈረድባትም። ባለሙያው ሲፈቅድ ተቀቅሎ በደንብ የላመ አንጮቴ የመጀመሪያው ጉርሻ ሊሆን ይችላል፤ ለስላሳ ምግብ ከውጭ ማስመጣት አያስፈልገንም።

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም የመጀመሪያው የኮቪድ-19 ሕመምተኛ በአገራችን ከተገኘ ወዲህ ቬንቲሌተር የሚለው ቃል በየቤቱ ገባ። ያን ጊዜ ሁላችንም መሣሪያው ስንት ነው ብለን ጠየቅን። ከእንግዲህ ልንጠይቀው የሚገባን ከመሣሪያው የተላቀቀው ሰው በሳምንቱ እንዴት እንደሆነ ነው። መልሱን ለማግኘት ቅጹን ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ አብረውኝ ሊሞሉ ፈቃደኛ የሆኑ ነርሶችና ተማሪዎች ከንግግሩ በኋላ ያነጋግሩኝ።