ሦስት ካሜራ በአንድ ላፕቶፕ፦ ሠርጋችንንና ለቅሷችንን ለሩቅ ዘመድ ለማሳየት

ስደት ቤተሰብን ይበትናል፡፡ እናት ካኩማ፣ ልጅ አሜሪካ፣ ወንድም ሪያድ የሆኑበት ቤት በመካከላችን ብዙ ነው፡፡ ሠርግ ሲደገስ ወይም ለቅሶ ሲደርስ "በቀጥታ አሳዩን" የሚል ጥያቄ ከሩቅ ይመጣል፡፡ አንድ ሰው በስልክ ሲቀርጽ ግን ሙሽራው ሲታይ ሙሽሪት ትጠፋለች፤ ካህኑ ሲታዩ ሕዝቡ አይታይም፡፡

በካምፕ የቀጥታ ሥርጭት አዲስ ነገር አይደለም፡፡ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2018 በካኩማ የተካሄደው የቴድኤክስ ዝግጅት በኢንተርኔት በቀጥታ ታይቷል፡፡ ያኛው የትልልቅ ድርጅቶች እገዛ ነበረው፡፡ የእኛዎቹ ወጣቶች ደግሞ ሁለት ሦስት ርካሽ የዩኤስቢ ካሜራ ከአንድ ላፕቶፕ ጋር እያገናኙ ይሞክራሉ፡፡ አንዱ ይሠራል፣ ሁለተኛውም ይሠራል፣ ሦስተኛው ሲሰካ ግን ጥቁር ምስል ብቻ! ታዲያ "ካሜራው ተበላሽቷል" ይባልና ሌላ ለመግዛት ገንዘብ ይዋጣል፡፡ ብዙ ጊዜ ግን ካሜራውም ላፕቶፑም ጤነኛ ናቸው፡፡ የጠበበው መንገዱ ነው፡፡

ቦኖው አምስት፣ ቧንቧው አንድ

ነገሩን በውሃ ቦኖ እንየው፡፡ በአንድ ቧንቧ ላይ አምስት ቦኖ ቢገጠም ውሃው አይጨምርም፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ሲከፈት ለእያንዳንዱ ጀሪካን የሚደርሰው ይቀንሳል እንጂ፡፡ ዩኤስቢም እንዲሁ ነው፡፡

እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው ዩኤስቢ 2.0 በሰከንድ 480 ሜጋቢት ያስተላልፋል፡፡ ካሜራ ምስሉ እንዳይቆራረጥበት ከዚህ ላይ የራሱን ድርሻ አስቀድሞ ይይዛል፡፡ እንዲህ ተይዞ ሊሰጥ የሚችለው ግን 80 በመቶው፣ ማለትም 384 ሜጋቢት ያህል ብቻ ነው፡፡ 640 በ480 የሆነ ያልተጨመቀ ምስል በሰከንድ 30 ጊዜ ሲላክ 147 ሜጋቢት ይፈጃል፡፡ ሁለት ካሜራ 295 ይሆናል፤ ያልፋል፡፡ ሦስት ሲሆን 442 ይደርሳል፤ አያልፍም፡፡ በቃ፣ ምስጢሩ ይኸው ነው፡፡

ሃብ የሚባለው ማከፋፈያም ቦኖ ይጨምራል እንጂ ቧንቧውን አያሰፋም፡፡ የላፕቶፑ የግራና የቀኝ መሰኪያዎች እንኳ ብዙ ጊዜ ከውስጥ የሚገናኙት በአንድ መስመር ነው፡፡ እ.ኤ.አ. በ2008 የመጣው ዩኤስቢ 3.0 በሰከንድ 5 ጊጋቢት ይችላል፤ የዩኤስቢ 2.0 ካሜራ ሲሰካበት ግን በዚያው በድሮው 480 መንገድ ነው የሚሄደው፡፡

ምን ይደረግ?

አንደኛ፣ ምስሉ ከካሜራው ተጨምቆ ይውጣ፡፡ ኦቢኤስ ስቱዲዮ የተባለው ፕሮግራም በነፃ ይገኛል፤ በዊንዶውስም በሊኑክስም ይሠራል፡፡ በየካሜራው ማስተካከያ ገብታችሁ የምስሉን ዓይነት ከዋይዩዋይ2 ወደ ኤምጄፔግ ለውጡ፡፡ ሸክሙ በብዙ ይቀላል፡፡ አንዳንድ ካሜራ ግን ትንሽ እየላከም ሰፊ ድርሻ ይይዛል፡፡ ያን ጊዜ የምስሉን መጠን አሳንሱ፣ ወይም በሰከንድ 30 የነበረውን ወደ 15 አውርዱ፡፡

ሁለተኛ፣ ኃይል፡፡ አንድ የዩኤስቢ 2.0 መሰኪያ የሚሰጠው ቢበዛ 500 ሚሊአምፔር ነው፡፡ የራሱ የኤሌክትሪክ ገመድ በሌለው ሃብ ላይ ሦስት ካሜራ ያንኑ ሲሻማ አንዱ በመሐል ይጠፋል፡፡ ስለዚህ ከሶላሩ ወይም ከጄኔሬተሩ ኃይል የሚያገኝ ሃብ ይሻላል፡፡ ገመዱም ከ5 ሜትር አይብለጥ፡፡

ሦስተኛ፣ ድምፅ፡፡ የሦስቱም ካሜራ ማይክ ከተከፈተ ጸሎቱም ዘፈኑም ይደራረባል፡፡ አንዱን ብቻ ትታችሁ ሌላውን ዝጉ፡፡

አራተኛ፣ ካሜራዎቹ አንድ ዓይነት ከሆኑ ኮምፒውተሩ ሊያምታታቸው ይችላል፡፡ በፕላስተር ቁጥር ለጥፉባቸውና ሁልጊዜ በዚያው መሰኪያ ስኩ፡፡ ሙከራውንም ሦስቱንም አብርታችሁ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት አድርጉ፤ አንድ በአንድ መሞከር ችግሩን አያሳይም፡፡

የሚወጣው አንድ ነው

"ሦስት ካሜራ ሦስት እጥፍ የኢንተርኔት ካርድ ይበላል" ብለው የሚፈሩ አሉ፡፡ አይበላም፡፡ ሦስቱ የሚገናኙት ላፕቶፑ ውስጥ ነው፤ ወደ ውጭ የሚወጣው የተመረጠው አንድ ሥርጭት ብቻ ነው፡፡ በሰከንድ በ1 ሜጋቢት ቢላክ ለአንድ ሰዓት 450 ሜጋባይት ያህል ይፈጃል፡፡ ኔትወርክ ቢቋረጥ እንዳትከስሩ እዚያው ላፕቶፑ ላይም ይቀረጽ፡፡ በዩቲዩብ ለመጀመሪያ ጊዜ የምታስተላልፉ ከሆነ ፈቃዱ እስኪከፈት እስከ 24 ሰዓት ሊወስድ ስለሚችል ለሠርጉ ጧት አታቆዩት፡፡

ማን ይታያል?

ከሁሉም በላይ ልናሳስብ የምንወደው ይህን ነው፡፡ በመካከላችን ፊቱ በአደባባይ ቢታይ በራሱ ወይም አገር ቤት በቀሩት ቤተሰቦቹ ላይ አደጋ የሚመጣበት ሰው አለ፡፡ አንድ ስልክ ሲቀርጽ ሰው አይቶ ዞር ይላል፡፡ ሦስት ካሜራ ምሰሶ ላይ ሲታሰር ግን የትኛው እያስተላለፈ እንደሆነ አያውቅም፤ ዞር የሚልበትም አቅጣጫ የለውም፡፡

ስለዚህ ካሜራው ከመታሰሩ በፊት ሽማግሌዎች ወይም ባለ ድግሱ "ዛሬ በቀጥታ ይተላለፋል" ብለው ይናገሩ፡፡ አንዱ የዳሱ ጎን ካሜራ የማይደርስበት ይሁን፤ መታየት የማይፈልግ እዚያ ይቀመጥ፤ ለምን ተብሎም አይጠየቅ፡፡ ሥርጭቱንም ለሁሉም ክፍት ከማድረግ ሊንኩ ለተላከለት ብቻ ማድረግ ይሻላል፡፡ ይሁንና ሊንክ ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋል፤ እንደ ቁልፍ አትቁጠሩት፡፡ ሳይጠየቅ የታየ ሰው "አጥፉልኝ" ቢል ወዲያው ይጥፋ፡፡

ሩቅ ያለችው እህት የወንድሟን ሠርግ ማየቷ ትልቅ ደስታ ነው፡፡ ያ ደስታ በሌላው ጎረቤት ሥጋት እንዳይገዛ መጠንቀቅ ደግሞ የሁላችንም ድርሻ ነው እንላለን፡፡