የተሻሻለ ሞተርና ሚኒሞው

ሚኒሞ የነዳጅ ፔዳሉ ሳይረገጥ ሞተሩ በራሱ የሚዞርበት ዝቅተኛ ፍጥነት ነው። ቃሉ ወደ ኢትዮጵያ ጋራዦች የገባው ከጣልያንኛ ሲሆን ትርጉሙም «ዝቅተኛው» ማለት ነው። በቤንዚን የሚሠራ የፒካፕ ሞተር ከሞቀ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ በደቂቃ ከ600 እስከ 800 ዙር ላይ ይረጋጋል። በዚህ ጊዜ የአየር በሩ፣ ማለትም ስሮትሉ፣ ሊዘጋ ጥቂት ብቻ ነው የሚቀረው። የሚገባው አየርና ነዳጅም ሞተሩ የራሱን ሰበቃ ለማሸነፍ ከሚያስፈልገው እምብዛም አይበልጥም። መጠኑ ይህን ያህል ጥቂት በመሆኑ፣ በፍጥነት ሲነዳ የማይታወቅ ጉድለት መኪናው መብራት ላይ ሲቆም ሞተሩን ሊያጠፋው ይችላል።

ጉልበት ለመጨመር ሲባል የተነካካ ሞተር በዚህ ችግር ይታወቃል። በአሜሪካ በስፋት የሚሻሻለው ባለ 5.3 ሊትር፣ ስምንት ሲሊንደር የሸቭሮሌት ሲልቬራዶ ሞተር ጥሩ ምሳሌ ነው። ሞተሩ በፒካፑ ላይ መገጠም የጀመረው ከ1999 (እ.ኤ.አ.) ሞዴል አንሥቶ ነው። ጉልበት የሚፈልግ ባለቤት ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚቀይረው ካምሻፍቱን ነው። በተለመደው የአለካክ ዘዴ የፋብሪካው ካምሻፍት የአየር ማስገቢያ ቫልቮችን ለ190 ዲግሪ ገደማ የክራንክሻፍት ዙር ከፍቶ ያቆያል። በምትኩ የሚገጠሙት ደግሞ 210፣ 220 ዲግሪ፣ አንዳንዶቹም ከዚያ በላይ ይደርሳሉ።

ቫልቮቹ ረዘም ላለ ጊዜ ሲከፈቱ፣ የማስገቢያውና የጭስ ማውጫው ቫልቭ አብረው ክፍት የሚሆኑበት ቅጽበትም ይረዝማል። በከፍተኛ ዙር የሚወጣው ጭስ አዲሱን አየር ስቦ ስለሚያስገባ ይህ ጥቅም አለው። በሚኒሞ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ የተቃጠለው ጋዝ ወደ ማስገቢያው ተመልሶ ከአዲሱ ድብልቅ ጋር ይቀላቀላል። አንዳንዱ ሲሊንደር በደንብ ሲያቃጥል ሌላው ይስታል፤ ሞተሩም ይንገጫገጫል። በማስገቢያው ውስጥ ያለው የመሳብ ኃይል፣ ማለትም ቫኩዩሙ፣ ይቀንሳል፤ መለኪያው ላይም መርፌው ይንቀጠቀጣል።

ሁለተኛው ምክንያት ሞተሩን የሚቆጣጠረው ኮምፒዩተር ነው። በውስጡ የተጻፈው ሰንጠረዥ የቀድሞውን ሞተር እንጂ አዲሱን አያውቅም። በተለይ የሚያሳስተው የኦክስጅን ሴንሰሩ ነው። ሲሊንደር ማቃጠል ሲስት ያልተቃጠለው ኦክስጅን በጭሱ በኩል ያልፋል። ሴንሰሩም ነዳጅ ያነሰ መስሎት ይናገራል፤ ኮምፒዩተሩ ያንን አምኖ ነዳጅ ይጨምራል። ውጤቱ ቤንዚን የሚሸት ጭስ፣ የጠቆረ ካንዴላና ከበፊቱ የባሰ ሚኒሞ ነው።

ሌሎች ለውጦችም የየራሳቸውን ችግር ያመጣሉ። ሰፊ ስሮትል በትንሽ ክፍተት ብዙ አየር ስለሚያስገባ ዙሩ ከፍ ብሎ ይቀራል፤ ወይም ከፍ ዝቅ እያለ ይዋዥቃል። ትልቅ ኢንጀክተር ደግሞ በሚኒሞ የሚከፈተው ለ2 ሺሕኛ ሰከንድ ገደማ፣ አንዳንዴም ከዚያ ባነሰ ጊዜ ነው። ከዚህ ውስጥ ወደ 1 ሺሕኛ ሰከንድ የሚጠጋው በመከፈት ብቻ ስለሚያልቅ፣ የኢንጀክተሩ መረጃ ለኮምፒዩተሩ በትክክል ካልተነገረው የነዳጁ መጠን ይዛባል። አዲስ የጭስ ቱቦ ሲገጠም ጓርኒሲዮኑ ካፈሰሰ ደግሞ የውጭ አየር ይገባና የኦክስጅን ሴንሰሩን ያታልላል።

ጥገናው ቅደም ተከተል አለው፤ መጀመሪያ መካኒካል ሥራው፣ ቀጥሎ ኮምፒዩተሩ። ከሁሉ በፊት የአየር ማፍሰስ ይፈተሻል። የማስገቢያው ጓርኒሲዮን፣ የቫኩዩም ጎማዎቹና የፍሬን ማገዣው መስመር በጭስ መፈተሻ መሣሪያ ይታያሉ። ኮምፕረሽንና የካንዴላ ሽቦዎች ቅደም ተከተልም ይረጋገጣሉ። የዚህ ሞተር የማቀጣጠል ተራ 1-8-7-2-6-5-4-3 ነው።

ከዚያ በስካነር የነዳጅ ማስተካከያው ይነበባል። ኮምፒዩተሩ በሚኒሞ ብዙ ነዳጅ እየጨመረ፣ በ2,500 ዙር ግን ጭማሪው ከቀነሰ፣ የሚጠረጠረው የአየር ማፍሰስ ነው። ጭማሪው ከዙሩ ጋር እያደገ ከሄደ ደግሞ የነዳጅ ፓምፑ ወይም የአየር መጠን ሴንሰሩ መታየት አለበት።

መካኒካሉ ክፍል ንጹሕ መሆኑ ሲረጋገጥ የኮምፒዩተሩ ሰንጠረዥ ይስተካከላል። የሚኒሞው ዙር እንደ ካምሻፍቱ ስፋት ወደ 800 ወይም 900 ከፍ ይላል። ሞተሩ በዚያ ዙር የሚፈልገው የአየር መጠን እንደ አዲስ ይሞላል። በተቃጠለ ጋዝ የቀጠነ ድብልቅ ቀስ ብሎ ስለሚነድ የካንዴላው ብልጭታ ቀደም እንዲል ይደረጋል። ሆኖም ኮምፒዩተሩ ዙሩ ሲወርድ ብልጭታውን አስቀድሞ፣ ሲወጣ አዘግይቶ የሚያረጋጋበት ቦታ ሊቀርለት ይገባል፤ ብልጭታ ከአየር ይልቅ ፈጥኖ ይሠራልና።

በገመድ የሚሠራ ስሮትል ባላቸው መኪናዎች የስሮትሉን ማቆሚያ ብሎን እያጠበቁ ዙሩን ማስነሣት የተለመደ ስሕተት ነው። ከልክ ካለፈ የስሮትሉ ሴንሰር ፔዳሉ የተረገጠ ያስመስላል፤ ኮምፒዩተሩም ሚኒሞውን መቆጣጠር ይተዋል።

የቫኩዩም መቀነስ ከመንገጫገጭ አልፎ ለደኅንነትም ያሰጋል። የፍሬን ማገዣው የሚሠራው በዚሁ ኃይል በመሆኑ፣ ሲያንስ የፍሬኑ ፔዳል ይደርቃል። ደጋ ላይ ጉዳዩ ይከብዳል። በባሕር ጠለል ደረጃ ያለ ጤነኛ ሞተር በሚኒሞ ከ17 እስከ 21 ኢንች ሜርኩሪ ያሳያል። ንባቡ በየ300 ሜትሩ ከፍታ 1 ኢንች ያህል ስለሚወርድ፣ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለችው አዲስ አበባ ያው ሞተር ከ9 እስከ 13 ኢንች ብቻ ያሳያል። በዚያ ላይ ሰፊ ካምሻፍት ሲጨመር ማገዣው በኤሌክትሪክ ቫኩዩም ፓምፕ መደገፍ ሊያስፈልገው ይችላል።

በትክክል የተስተካከለ ሞተር በሙቀትም በብርድም ይነሣል፤ ማርሽ ሲገባ ወይም ኤሲ ሲበራ አይጠፋም፤ ጭሱም ቤንዚን አይሸትም። ጥቂት መንገጫገጭ ግን ይቀራል። ይህ የካምሻፍቱ ጠባይ እንጂ ብልሽት አይደለም፤ የሚጠፋውም ጠበብ ያለ ካምሻፍት ሲገጠም ብቻ ነው።